ሁለት ሚዛን በአንድ ድንጋይ፦ የሪአክተር ነዳጅ ስሌት ኮዶችን ስለ ማነጻጸር የቀረበ ሒስ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሮቢት ከተማ ሁለት ነጋዴዎች በገበያ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሽላ ይሸጣሉ እንበል። ገዢው የፊተኛውን ነጋዴ ሚዛን ስለ ተጠራጠረ የገዛውን እህል ተሸክሞ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ሁለተኛውም ቢመዝነው ቍጥሩ ከፊተኛው ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። ገዢውም ጥርጣሬው ተወግዶለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን ሁለቱ ነጋዴዎች የሚዛን ድንጋያቸውን ያስተካከሉት ከአንድ ከጎደለ ድንጋይ እንደ ሆነ፣ የሚዛኖቹ መስማማት ለገዢው ምን ጠቀመው? መስማማታቸው የሚያስረዳው እርስ በርሳቸው አለመለያየታቸውን ብቻ ነው እንጂ የእህሉን እውነተኛ ክብደት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ከዚህ የገበያ ምሳሌ እምብዛም የራቀ አይደለም። የኑክሌር ሪአክተር ነዳጅ እንዴት እንደሚነድ አስቀድመው የሚያሰሉ የኮምፒዩተር ኮዶች አሉ። እነዚህ ኮዶች ትክክለኛ መሆናቸውን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ አንዱን ኮድ ከሌላው ጋር አስተያይቶ «ውጤታቸው ይስማማል» ማለት ነው። እኛ ግን ይህ ዓይነቱ ንጽጽር ብቻውን ሲቆም ደካማ ማስረጃ መሆኑን፣ ይልቁንም ነዳጅ ገዢ ለሚሆን አገር አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም ይሆናል። አገራችን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በሶቺ ከተማ ከሩሲያ ጋር የአቶምን ኃይል ለሰላማዊ ተግባር ስለ ማዋል የመንግሥታት ስምምነት ተፈራረመች፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮ ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ሮሳቶም በቱርክ በአኩዩ፣ በግብፅም በኤል ዳባ የሚሠራቸው ሪአክተሮች ቪቪኢአር-1200 የሚባሉት ናቸው። ወደ ፊት ለአገራችን የሚመረጠው ሪአክተር የትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ ነዳጁን የሚሸጥልን ወገን ከነዳጁ ጋር ስሌቱንም ይዞ መምጣቱ የማይቀር ነው። እንግዲህ ያንን ስሌት የሚመረምረው ማን ነው? የሚመረምረውስ በየትኛው ድንጋይ ነው?

ሀ. ኮዶቹ የሚሠሩት ሥራ

በቪቪኢአር-1000 ሪአክተር ምድጃ፣ ማለት ነዳጁ በሚነድበት መካከለኛ ክፍል፣ 163 የነዳጅ ጥቅሎች ይቆማሉ። እያንዳንዱ ጥቅል ባለ ስድስት ማዕዘን ሲሆን በውስጡ 312 የነዳጅ ዘንጎች፣ 18 የመቆጣጠሪያ ዘንግ መግቢያ ቱቦዎችና አንድ የመካከል ቱቦ፣ በድምሩ 331 ቦታዎች አሉት። ከአንዱ ዘንግ መካከል እስከ ጎረቤቱ መካከል ያለው ርቀት 12.75 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ በምድጃው ውስጥ ከ50,000 በላይ ዘንጎች አሉ ማለት ነው። የእያንዳንዱን ዘንግና በዙሪያው ያለውን ውኃ ዝርዝር በየቀኑ እያሰሉ መከታተል እጅግ ከባድ ሥራ ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚያደርጉት የሮቢት ገበሬ የሚያደርገውን ነው። የጎሊና ጎርፍ ተጠልፎ ያጠጣውን ሜዳ ምርት ለመገመት የፈለገ ገበሬ አገዳውን ሁሉ አይቈጥርም፤ አንድ ማሳ መርጦ በደንብ ያየዋል፣ ከዚያም ሌላው ሜዳ ይህንኑ ማሳ ይመስላል ብሎ ያሰላል። የላቲስ ኮድ የሚባለውም አንዱን የነዳጅ ጥቅል መርጦ፣ ያው ጥቅል በሁሉም አቅጣጫ ያለ መጨረሻ የተደረደረ ያህል ቈጥሮ፣ በውስጡ ያለውን የኒውትሮን ኑሮ በዝርዝር ያሰላል። ውጤቱንም በአማካይ ቍጥሮች አጠቃልሎ መላውን ምድጃ ለሚያሰላው ለሌላው ኮድ ያስረክባል። ስለዚህ በላቲስ ኮድ የገባ ስሕተት በማሳው ብቻ አይቀርም፤ በመላው ሜዳ ይባዛል።

ከውጤቶቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመባዛት ቍጥር የሚባለው ነው። ይህም የአንድ ትውልድ ኒውትሮኖች ብዛት ከፊተኛው ትውልድ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ድርሻ ነው፤ አንድ ከሆነ እሳቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነዳል። ልዩነቱ ጥቃቅን ስለ ሆነ የሚለካው ከመቶ ሺሕ አንድ እጅ በሆነ መስፈሪያ ነው፤ ስሙም ፒሲኤም ይባላል። መስፈሪያው ትንሽ ስለ መሰለ ግን መናቅ አይገባም። ዩራኒየም 235 ሲሰነጠቅ ዘግይተው የሚወጡት፣ ለሰው ልጅ ሪአክተሩን የመቆጣጠር ፋታ የሚሰጡት ኒውትሮኖች፣ ከ100,000 ውስጥ 650 ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ የ500 ፒሲኤም ስሕተት ቀላል ስሕተት አይደለም።

ለ. ሁለቱ የኮድ ወገኖች

ኮዶቹን በሁለት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን። የፊተኞቹ የኒውትሮንን ጕዞ በእኩልታ የሚፈቱ ናቸው። ከእነዚህ አንጋፋው በእንግሊዝ አገር በዊንፍሪት የተሠራውና በ1966 እ.ኤ.አ. አጠቃላይ መግለጫው የወጣው ዊምስ ነው። ዊምስ ኒውትሮኖችን እንደ ፍጥነታቸው በ69 መደቦች ከፍሎ ያሰላ ነበር፤ ከእርሱ የወጣው ዊምስ-ዲም በብዙ ታዳጊ አገሮች እጅ ስለ ገባ፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የመረጃ መዝገቡን አሳድሶ የመጨረሻውን ሪፖርት በ2007 እ.ኤ.አ. አትሟል። የስዊድኑ ካስሞ በአምስተኛው እትሙ መደቦቹን 586 አድርሷቸዋል። የሞስኮው የኩርቻቶቭ ተቋም ለቪቪኢአር ነዳጅ የሚጠቀምበት ቲቪኤስ-ኤም፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ የማያስቸግረው ሄሊዮስ፣ በሞንትሪያል ፖሊቴክኒክ የተሠራውና ማንም በነጻ ሊወስደው የሚችለው ድራጎን ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሁለተኞቹ ሞንቴ ካርሎ በተባለው ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ እኩልታውን በቀጥታ አይፈቱትም፤ እያንዳንዱን ኒውትሮን ከተወለደ እስኪጠፋ ድረስ በዕጣ እየተከተሉ የብዙ ሚሊዮኖችን ታሪክ ይሰበስባሉ። የሎስ አላሞሱ ኤምሲኤንፒ፣ የሩሲያው ኤምሲዩ፣ በፊንላንድ ከ2004 እ.ኤ.አ. ዠምሮ የተሠራው ሰርፐንት፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. የተዠመረው ኦፕንኤምሲ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። የዘንጉን ቅርጽም ሆነ የኒውትሮኑን ፍጥነት እንደ ፊተኞቹ በአማካይና በመደብ ማጠጋጋት ስለማያስፈልጋቸው ብዙ ጊዜ እንደ ዳኛ ይታያሉ። ዋጋቸው ጊዜ ነው፤ የዕጣውን ስሕተት በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ታሪክ መከተል ያሻል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። የሁለቱ ወገኖች የስሌት መንገድ የቱንም ያህል ቢለያይ፣ ሁለቱም የሚመገቡት ከአንድ ዓይነት ምንጭ ነው፤ ይኸውም የአንድ አቶም ኑክሊየስ ኒውትሮንን የመያዝ፣ የመሰንጠቅ ወይም የማንጠር ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ የተጻፈበት የኑክሌር መረጃ መዝገብ ነው። የአሜሪካው ኢኤንዲኤፍ፣ የአውሮፓው ጄፍ፣ የጃፓኑ ጄንድል የታወቁት ናቸው፤ እነዚህም ቢሆኑ አንዱ ከሌላው የሚዋሱበት ቦታ ብዙ ነው። ኮዱ ሚዛኑ ነው፤ መዝገቡ ግን ድንጋዩ ነው።

ሐ. አንድ ሪፖርት ሲመረመር

ለምሳሌ ያህል የምንመለከተው የኦኢሲዲ የኑክሌር ኃይል ኤጀንሲ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ የቪቪኢአር-1000 የነዳጅ ጥቅሎችን የስሌት ንጽጽር ሪፖርት ነው። ሥራው የተወለደው ከጦር መሣሪያ የተረፈውን ፕሉቶኒየም በሪአክተር አቃጥሎ ለማስወገድ ከታሰበው ዕቅድ ነው። ሁለት ጥቅሎች ቀረቡ፤ አንዱ ዩራኒየም ብቻ የያዘ፣ ሁለተኛው ፕሉቶኒየም የተቀላቀለበት። በዩራኒየሙ ጥቅል ውስጥ ያሉት ዘንጎች 3.7 በመቶ የበለጸጉ ሲሆኑ 12ቱ ግን 4 በመቶ የጋዶሊኒየም ኦክሳይድ ተቀላቅሎባቸዋል። ኤምሲዩ፣ ቲቪኤስ-ኤም፣ ዊምስ8ኤ፣ ሄሊዮስና መልቲሴል የተባሉት ኮዶች ለአንድ ጥያቄ መልስ ሰጡ፤ የነዳጁም መቃጠል በአንድ ኪሎግራም እስከ 40 ሜጋዋት ቀን ድረስ ተሰላ።

የሪፖርቱን ጥቅም አንክድም። ጥያቄው በግልጽ የተጻፈ ነው፤ ማንም ተማሪ ዛሬ አንሥቶ ሊሠራው ይችላል። ጋዶሊኒየም የተመረጠውም በብልኀት ነው። ከጋዶሊኒየም ዓይነቶች አንዱ፣ ጋዶሊኒየም 157፣ ዝግተኛ ኒውትሮንን የመምጠጥ ዕድሉ ዩራኒየም 235 በዝግተኛ ኒውትሮን ከሚሰነጠቅበት ዕድል ከ400 እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ምክንያት የዘንጉ የውጭ ልጣጭ ኒውትሮኑን ሁሉ ስለሚመጥ ውስጡ እንደ ተከለለ ይቆያል፤ ጋዶሊኒየሙም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ከውጭ ወደ ውስጥ ያልቃል። ዘንጉን በብዙ ቀለበት ሳይከፍል በአማካይ የሚያሰላ ኮድ እዚህ ላይ ይጋለጣል። የኮዶች ንጽጽር ዋና ጥቅሙም ይህ ነው፤ የዘዴን ጕድለትና የጸሐፊን ስሕተት ያወጣል።

ሒሳችን የሚዠምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አንደኛ፣ የተሳታፊዎቹ ውጤት የተመዘነው ከራሳቸው ከተሳታፊዎቹ አማካይ ጋር ነው። አማካይ ግን የብዙዎች ድምፅ ነው እንጂ የተፈጥሮ ድምፅ አይደለም። አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ይዘው አምስተኛው ብቻውን እውነቱን ቢይዝ፣ በአማካይ ሲመዘን ጥፋተኛ ሆኖ የሚታየው አምስተኛው ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ኮድ የየራሱን የመረጃ መዝገብ ይዞ ስለ ገባ፣ በሠንጠረዡ ላይ ልዩነት ሲታይ የመጣው ከስሌቱ ዘዴ ይሁን ወይም ከመዝገቡ ከሠንጠረዡ ብቻ መለየት አይቻልም። ሦስተኛ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ በመሣሪያ ተለክቶ የተገኘ አንድም ቍጥር የለም። ለሪፖርቱ አዘጋጆች ፍትሕ እናድርግ፤ እነርሱ ሥራቸውን ከርእሱ ዠምሮ «የስሌት» ንጽጽር ብለው ሰይመውታል። ጥፋቱ የአንባቢው ነው፤ ስምምነትን እንደ ማረጋገጫ አድርጎ የሚጠቅሰው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ ነው።

መ. ሁሉም ተስማምተው ሁሉም የሳቱበት ጊዜ

ይህ ሥጋታችን ባዶ ግምት አይደለም፤ በታሪክ ታይቷል። የአሜሪካው መዝገብ ስድስተኛ እትም፣ ኢኤንዲኤፍ/ቢ-6፣ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ በጥቂቱ የበለጸገ ዩራኒየም ዘንጎች በውኃ ውስጥ ተደርድረው የተሠሩት ሙከራዎች በኮድ ሲሰሉ የመባዛት ቍጥራቸው ከእውነተኛው ወደ 500 ፒሲኤም ያህል ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። ሙከራው በተደረገበት ቤት እሳቱ ልክ አንድ ላይ መቆሙ ተረጋግጧል፤ ስሌቱ ግን ሊጠፋ ነው ይላል። ጥሩ ጥሩ ኮዶች፣ ሞንቴ ካርሎዎቹ ሳይቀሩ፣ በዚሁ መዝገብ ሲሠሩ እርስ በርሳቸው ይስማሙ ነበር፤ ተስማምተውም ይስቱ ነበር። ነገሩን ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ከመረመረው በኋላ፣ ዋናው ጕድለት በዩራኒየም 238 መረጃ ውስጥ ተገኘ፤ ኒውትሮንን የመያዝና ኒውትሮንን ፍጥነት ቀንሶ የማንጠር ዕድሉ እንደገና ተመዘነ። ይህም እርማት በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው በኢኤንዲኤፍ/ቢ-7.0 ውስጥ ገብቶ ስሌቱ ከሙከራው ጋር ታረቀ።

500 ፒሲኤም በተግባር ምን ማለት እንደ ሆነ በግምት እናሳይ። ነዳጅ በአንድ ቶን 1,000 ሜጋዋት ቀን ባቃጠለ ቍጥር የመባዛት ቍጥሩ 1,000 ፒሲኤም ያህል ይቀንሳል ብንል፣ በቶን 40 ሜጋዋት ያህል ሙቀት በሚያወጣ ሪአክተር 500 ፒሲኤም ሁለት ሳምንት ያህል የሥራ ጊዜ ነው። ስሌቱ ዝቅ ብሎ ከሳተ ገዢው ከሚያስፈልገው በላይ የበለጸገ ነዳጅ በውድ ዋጋ ይገዛል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የነዳጅ ማከማቻ ገንዳን በሚመለከት ነው፤ እዚያ የመባዛት ቍጥር ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ከተሰላ ገንዳው ካለው የበለጠ አስተማማኝ መስሎ ይታያል።

በዚያን ጊዜ ከዚህ ጕዳት የዳኑት እነማን ነበሩ? ሙከራ የነበራቸው ናቸው። እነርሱ ኮዳቸው በ500 እንደሚያጎድል ከልኬት ስላወቁ ጕድለቱን በስሌታቸው ላይ ይጨምሩ ነበር። ኮድ ብቻ የነበረው ግን የሌላውን ኮድ አይቶ «ተስማምተናል» ብሎ ተኛ።

የቀድሞው ዊምስ ታሪክ የዚህ ሌላው ገጽ ነው። በጥንቱ መዝገቡ የዩራኒየም 238 መረጃ ስሌቱ ከሙከራ ጋር እንዲገጥም ተብሎ በእጅ ተስተካክሎ ነበር። በዚህ ምክንያት ሻካራው ኮድ በብዙ የታወቁ ጥያቄዎች ላይ ትክክለኛ መልስ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ስሕተት ስሕተትን ሸፍኖ የሚገኝ ትክክለኛነት የተስተካከለበትን ነዳጅ ለመሰለ ነዳጅ ብቻ ይሠራል፤ ጋዶሊኒየም ወይም ፕሉቶኒየም ሲገባበት መሸፋፈኑ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህም የመባዛት ቍጥር ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባውም። ስንት ኒውትሮን በዩራኒየም 238 ተያዘ፣ ስንቱ በጋዶሊኒየም ተመጠጠ፣ በየዘንጉ ስንት መሰንጠቅ ተፈጸመ የሚለው ዝርዝር አብሮ መቅረብ አለበት።

ሠ. ለሚነሣው ተቃውሞ መልስ

«አገራችን የምርምር ሪአክተር እንኳ የላትም፤ ታዲያ ተማሪዎቿ በየትኛው ልኬት ሊመዝኑ ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ጋና ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዠምሮ 30 ኪሎዋት የሚያህል ትንሽ የምርምር ሪአክተር ስላላት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ነዳጁን ከፍተኛ ብልጽግና ካለው ወደ ዝቅተኛው ስትለውጥ የራሷ ባለሙያዎች በኤምሲኤንፒ ያሰሉትን በራሳቸው ሪአክተር ለመመዘን ችለዋል። እኛ ይህ ዕድል የለንም።

ይሁን እንጂ ልኬት ማለት የግድ በራስ ቤት የተለካ ማለት አይደለም። በቡዳፔስት በነበረው በዜድአር-6፣ በቼክ አገር በርዠዥ ባለው በኤልአር-0፣ ለቪቪኢአር ነዳጅ የተሠሩት ሙከራዎች ተጽፈው ይገኛሉ፤ የኑክሌር ኃይል ኤጀንሲም እንዲህ ያሉትን ሙከራዎች በትልልቅ መድበሎች ሰብስቧቸዋል። በሌላው በኩል ኦፕንኤምሲና ድራጎን ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ የመረጃ መዝገቦቹም እንዲሁ። አንድን የነዳጅ ጥቅል ለማስላት ተራ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃል። የጎደለን መሣሪያው ሳይሆን ልማዱ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ሌላው ተቃውሞ «ሻጩ የታወቀና ልምድ ያለው ስለ ሆነ መጠራጠር ነውር ነው» የሚለው ነው። መመዘን ግን መጠራጠር አይደለም። በቆቦ ሜዳ የጎርፍ ውኃ ሲከፋፈል የውኃ አባት የሚሾመው ገበሬዎቹ ሁሉ ሌቦች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ድርሻው በሁሉም ፊት እንዲታይ ነው። የሻጩን ስሌት በሻጩ ኮድና በሻጩ መዝገብ ደግሞ ማስላት ግን ምርመራ አይባልም፤ ያንኑ እህል በዚያው ድንጋይ ሁለት ጊዜ መመዘን ነው።

ረ. ማጠቃለያ

ስለዚህ ከዚህ ወዲያ በዚህ መጽሔትም ሆነ በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የኮድ ንጽጽር የሚያቀርብ ባልንጀራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግልን እንጠይቃለን። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ኮድ የተጠቀመበትን መዝገብ ከነእትሙ ይጻፍልን፤ ከተቻለም አንዱን ኮድ በሁለት መዝገብ፣ አንዱንም መዝገብ በሁለት ኮድ አስልቶ የዘዴን ልዩነት ከመረጃ ልዩነት ይለይልን። ቀጥሎ ከመባዛት ቍጥሩ ጋር የኒውትሮኖቹን የወጪ ሒሳብ ይዘርዝርልን። በመጨረሻም ከሠንጠረዡ ዓምዶች ቢያንስ አንዱ በመሣሪያ የተለካ ይሁን።

እኛም ሌላውን ከመውቀስ በፊት ከራሳችን መዠመር ስለሚገባን፣ ለሚመጣው ክረምት ከዜድአር-6 መደዳዎች አንዱን በኦፕንኤምሲ፣ በአሜሪካውና በጃፓኑ መዝገብ ለየብቻ ለማስላት ቈርጠናል። ውጤቱ ከልኬቱ ጋር ባይገጥም አናፍርበትም፤ በስንት ፒሲኤም እንዳልገጠመ እናውቃለንና። የሮቢቱ ገዢ የጎደለበትን ያላወቀው የራሱን ድንጋይ ይዞ ወደ ገበያ ስላልወጣ ነው።